በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት በራስዎ ለማስላት

ለንደንና ኒው ዮርክ ምን ያህል ይራራቃሉ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉት ግን አንዱ 5,540፣ ሌላው 5,570፣ ሌላው ደግሞ 2,990 ብሎ ይነግርዎታል። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይብሳል፤ 6 ሰዓት ተኩል የሚል አለ፣ 7 የሚል አለ፣ 8 የሚልም አለ። ሁሉም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው የለካው ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት በኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ከከተማ መሀል እስከ ከተማ መሀል፤ ሦስተኛው የጻፈው ፓይለቶችና መርከበኞች በሚጠቀሙበት በኖቲካል ማይል ነው። ሰዓቱን የጻፉትም አንዱ ስለ መሄጃው፣ ሌላው ስለ መመለሻው፣ ሌላው አየር ላይ ስለሚቆዩበት ጊዜ ብቻ እየተናገሩ ነው።

ስለዚህ የሰው ቁጥር ከመቀበል ስሌቱን አንዴ መልመዱ ይሻላል። የሚያስፈልግዎት ሳይንና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር ነው፤ ብዙ ስልኮች ላይ ካልኩሌተሩን ከፍተው ስልኩን አግድም ሲያዞሩት ይመጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። የምድር ሉል ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ከአንድ ክንድ ክር ጋር አጠገብዎ ያስቀምጡት።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ርቀትንና ሰዓትን በአንድ ትንፋሽ እንጠራቸዋለን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ርቀቱ ዛሬም የዛሬ ዓመትም ያው ነው፤ አንዴ ካሰሉት ጨረሱ። ሰዓቱ ግን በአቅጣጫው፣ በወቅቱና በአውሮፕላኑ ዓይነት ይለዋወጣል። ሁለቱን ለየብቻ የሚያሰላ ሰው ብዙም አይሳሳትም።

1ኛ፦ ከየት እስከ የት እንደሆነ ይወስኑ

አውሮፕላን የሚነሳው ከከተማ ሳይሆን ከኤርፖርት ነው። ለንደን ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተንና ሲቲ ኤርፖርት አሏት። የቶኪዮው ናሪታ ከከተማዋ መሀል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሃኔዳ ግን ቅርብ ነው። ለረጅም በረራ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም፤ ለአጭር በረራ ግን ያዛባል። ስለዚህ ትኬቱ ላይ ያለውን የኤርፖርት ስም አይተው የዚያን ኤርፖርት ኬክሮስና ኬንትሮስ ይፈልጉ። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት በዲግሪ ይነግራል፤ ኬንትሮስ ደግሞ ከግሪኒች መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። አንዳንድ ምንጮች ቁጥሩን በዲግሪና በደቂቃ ይጽፉታል። ሂትሮው «51 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ሰሜን» ተብሎ ከተጻፈ፣ ያ 51.28 ማለት አይደለም። 28ን ለ60 አካፍለው ይደምሩ፤ 51.47 ይሆናል። 51.28 ብለው ካስገቡ ኤርፖርቱን ከቦታው ወደ 21 ኪሎ ሜትር አንቀሳቀሱት ማለት ነው።

ለምሳሌያችን የሚያስፈልጉን ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

ሂትሮው፦ 51.47 ሰሜን፣ 0.45 ምዕራብ
ጄ.ኤፍ. ኬኔዲ (ኒው ዮርክ)፦ 40.64 ሰሜን፣ 73.78 ምዕራብ

2ኛ፦ ርቀቱን ያስሉ

መጀመሪያ ሉሉን ይያዙ። ክሩን ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ወጥረው ይያዙትና የት የት ላይ እንደሚያልፍ ይመልከቱ። ማድሪድና ኒው ዮርክን ይሞክሩ። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ ከግማሽ አካባቢ ላይ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠፍጣፋ ካርታ ያየ ሰው «ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ነዋ!» ይላል። የተወጠረው ክር ግን ወደ ሰሜን ይለጠጥና 46 ዲግሪ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ቀጥ ብሎ በ40ኛው ዲግሪ መስመር የሚሄድ አውሮፕላን 5,940 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ በክሩ መንገድ የሚሄደው 5,770 ያህል። 170 ኪሎ ሜትር ተረፈ ማለት ነው። የጠፍጣፋ ካርታው ጥፋት ክብ የሆነችውን ምድር ዘርግቶ ወደ ዋልታዎቹ የቀረበውን ሁሉ መለጠጡ ላይ ነው። ከለንደን ወደ ሎስ አንጀለስ የሚሄድ ሰው በመስኮት የግሪንላንድን በረዶ ቢያይ አውሮፕላኑ መንገድ ስቶ አይደለም፤ አጭሩ መንገድ ያ ነው።

ይህ ክሩ የሚከተለው መስመር የታላቁ ክብ መስመር ይባላል። ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ ላይ ያለ ቅስት ስለሆነ ነው። ሁለቱ ነጥቦች በዚህ ክብ ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚራራቁ ካወቁ ርቀቱ በእጅዎ ነው፤ እያንዳንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ነው።

ከተሞቹ ቅርብ ከሆኑ፣ ማለትም ከ1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ከሆኑ፣ አቋራጭ አለ። ሮምንና አቴንስን እንውሰድ። ሮም 41.9 ሰሜን፣ 12.5 ምሥራቅ ላይ ናት፤ አቴንስ 38.0 ሰሜን፣ 23.7 ምሥራቅ ላይ።

የኬክሮስ ልዩነቱ 3.9 ዲግሪ ነው። በ111.2 ሲባዛ 434 ኪሎ ሜትር።
የኬንትሮስ ልዩነቱ 11.2 ዲግሪ ነው። ይህንንም በ111.2 ያባዙ፤ ነገር ግን የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ በሄዱ ቁጥር ስለሚቀራረቡ፣ ውጤቱን በሁለቱ ኬክሮሶች አማካይ (40 ዲግሪ ገደማ) ኮሳይን እንደገና ያባዙት። 955 ኪሎ ሜትር ይመጣል።
434ን በራሱ፣ 955ን በራሱ አባዝተው ይደምሩና ዳግም ዘር ይፈልጉለት። ወደ 1,050 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ይህ ትምህርት ቤት የተማርነው የቀጤ ነክ ሦስት ማዕዘን ስሌት እንጂ ሌላ አይደለም። ኮሳይኑን አለመዝለል ብቻ ነው ዋናው ነገር። 60ኛው ዲግሪ ላይ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በምድር ወገብ ካለው ርዝመት ግማሽ፣ 55.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ያን የረሳ ሰው የሰሜን አውሮፓ ከተሞችን ርቀት እጥፍ ሊያደርገው ይችላል።

ለሩቅ ከተሞች ግን የምድርን ክብነት የሚቆጥር ስሌት ያስፈልጋል። ሲያዩት ያስፈራል፤ ሲሠሩት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ካልኩሌተሩ በዲግሪ መሆኑን ያረጋግጡ። የ30ን ሳይን ይጠይቁት፤ 0.5 ካለ ደህና ነው። ኔጌቲቭ ቁጥር ካመጣ በራዲያን ላይ ነውና ይቀይሩት። ኤክሴል ላይ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ኤክሴል ማዕዘን የሚያነበው ሁልጊዜ በራዲያን ስለሆነ፣ ዲግሪዎቹን አስቀድመው ወደ ራዲያን ይለውጡ።

ሀ) የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ። የ51.47 ሳይን 0.7823፣ የ40.64 ሳይን 0.6513፤ ብዜታቸው 0.5095።

ለ) የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን ያባዙና በኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን ደግመው ያባዙ። የኬንትሮሶቹ ልዩነት 73.78 ሲቀነስ 0.45፣ 73.33 ነው። 0.6229 በ0.7588 በ0.2869 ሲባዛ 0.1356።

ሐ) ሁለቱን ይደምሩ፦ 0.6451።

መ) የዚህን ቁጥር የኮሳይን ተገላቢጦሽ (ካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹ ወይም acos የሚለውን) ይፈልጉ፦ 49.83 ዲግሪ።

ሠ) በ111.2 ያባዙ፦ 5,541 ኪሎ ሜትር። በ60 ካባዙት ደግሞ 2,990 ኖቲካል ማይል ያገኛሉ። አንድ ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ ከምድር ክብ ላይ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ መለኪያ ስለሆነ ነው ፓይለቶችና መርከበኞች እስካሁን ያልተውት።

ስለ ምልክቶች ይጠንቀቁ። ደቡብ ኬክሮስ ኔጌቲቭ ነው፤ ምዕራብ ኬንትሮስ ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱም ከተሞች ምዕራብ ከሆኑ ይቀናነሳሉ፤ አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ከሆነ ይደመራሉ። ይህን የሳተ ስሌት ወዲያው ያስታውቃል፤ ጎረቤት ከተሞችን ውቅያኖስ ያሻግራቸዋል። እንዲሁም በምድር ላይ የትኛውም ሁለት ቦታ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ብዙም በላይ አይራራቅም፤ የምድር ዙሪያ ግማሹ ይኸው ነውና። ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ካገኙ ወደ ሀ ይመለሱ።

ይህ ስሌት ምድርን ፍጹም ድቡልቡል አድርጎ ይቆጥራል። እውነቱ ግን መሬት ወገቧ ላይ ትንሽ ወፈር ትላለች፤ በወገቧ በኩል ያለው ራዲየስ 6,378፣ በዋልታዎቿ በኩል 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ የተነሳ የሚመጣው ስህተት ከግማሽ በመቶ ብዙም አያልፍም። «አውሮፕላኑ ወደ ላይ ወጥቶ ስለሚበር መንገዱ አይረዝምም ወይ?» የሚሉም አሉ። ይረዝማል፤ ግን 11 ኪሎ ሜትር ከምድር ራዲየስ ጋር ሲተያይ ኢምንት ስለሆነ፣ በ5,541 ኪሎ ሜትር ላይ የሚጨምረው 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ሥራዎን ለማመሳከር ጎግል ማፕስን በኮምፒውተር ይክፈቱ፤ መነሻው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው ርቀት መለኪያውን ይምረጡና መድረሻውን ይንኩ። የሚሰጥዎት የታላቁ ክብ ርቀት ነው።

3ኛ፦ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚበረውን መንገድ ይገምቱ

ያሰሉት ርቀት ክሩ የሚለካው ነው። አውሮፕላኑ ግን ከዚያ ይረዝምበታል። ከመንደርደሪያው የሚነሳው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው፤ መድረሻው በተቃራኒው ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ወጥቶ መዞር አለበት። ሲያርፍም ተራ ይጠብቃል። መሀል ላይ ደግሞ የጦር ቀጠና፣ የተዘጋ የአየር ክልል፣ የነጎድጓድ ደመና ይገጥመዋል። የቲቤት አምባ ላይ መንገደኛ አውሮፕላኖች እምብዛም አይበሩም፤ የመንገደኞች ክፍሉ የአየር ግፊት ድንገት ቢወርድ ወደ 3,000 ሜትር ግድም ዝቅ ማለት ይኖርባቸዋል፣ እዚያ ግን መሬቱ ራሱ ከዚያ በላይ ነው።

እኔ ለረጅም በረራ 4 በመቶ፣ ለአጭር በረራ 8 በመቶ እጨምራለሁ። ለንደን–ኒው ዮርክ በዚህ 5,760 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ይህ ጭማሪ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ከሄልሲንኪ ወደ ቶኪዮ አጭሩ መንገድ በሩሲያ ሰማይ ላይ ያልፋል፤ በረራው 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የሩሲያ የአየር ክልል ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ ያው በረራ በሰሜን ዋልታ በኩል ወይም በደቡብ በኩል ዞሮ 13 ሰዓት ገደማ ሆነ። ሁለቱ ከተሞች አንድ ሜትር አልተራራቁም። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መሀል የተዘጋ ሰማይ እንዳለ ካወቁ ክሩን በሉሉ ላይ በዚያ ዙሪያ አጥፈው ይለኩ፤ ወይም መንገዱን ለሁለት ከፍለው እያንዳንዱን ለብቻ አስልተው ይደምሩ።

4ኛ፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት ይለውጡ

ትልልቆቹ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች፣ ኤርባስ ኤ350ና ቦይንግ 787፣ በጉዞ ከፍታቸው ላይ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። ቦይንግ 737ና ኤርባስ ኤ320 ወደ 830 ይጠጋሉ። ፕሮፔለር ያለው ኤቲአር 72 ወደ 500 ነው፤ በእሱ የሚጓዙ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ስሌት አይሠራልዎትም።

ለፈጣን ግምት አንድ ደንብ ይበቃል፦ የታላቁን ክብ ርቀት ለ850 አካፍለው 40 ደቂቃ ይጨምሩ። 850 የሆነው የመንገዱን መጠማዘዝ በውስጡ እንዲይዝ ነው። 40 ደቂቃው ደግሞ መሬት ላይ ለሚያኮበኩብበት፣ ለመውጫና ለመውረጃ ነው፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲበር ፍጥነቱ የተገደበ ነው፣ በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ በታች 250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር ማለፍ አይፈቀድም።

እንሞክረው። ሮም–አቴንስ፣ 1,050 ለ850 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፤ 40 ሲጨመር 1 ሰዓት ከ54። ትኬቱ ላይ የሚያገኙት 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ፓሪስ–ጆሃንስበርግ፣ 8,700 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 10 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፤ 40 ሲጨመር 10 ሰዓት ከ54፤ ከትኬቱ ጋር በጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚለያየው። ሲንጋፖር–ኒው ዮርክ፣ 15,350 ኪሎ ሜትር፣ 18 ሰዓት ከ44 ደቂቃ፤ ይህ በዓለም ላይ ካሉት ረጅሙ የመንገደኛ በረራ ነው፣ የሚፈጀውም በዚሁ ዙሪያ ነው። ደንቡ ሻካራ ነው፤ ግን ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ሳይከዳኝ ስለቆየ እተማመንበታለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ትኬት ላይ ያለው የጉዞ ርዝመት አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ አይደለም። ከጎማው ሥር ሽብልቁ ተነስቶ ከቆመበት መንቀሳቀስ ከሚጀምርበት አንስቶ፣ መድረሻው ላይ ቆሞ ሽብልቁ እስከሚገባለት ድረስ ያለው ነው። አየር መንገዶች በዚያ ላይ ለመዘግየት የሚሆን ትርፍ ደቂቃ ያስገባሉ። ፓይለቱ በማይክራፎን «የበረራ ጊዜያችን 6 ሰዓት ከ10 ነው» ሲልዎት ትኬቱ 7 ሰዓት ቢል አንዳቸውም አልዋሹም።

5ኛ፦ ነፋሱን ያስገቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተው እንዲያዩት የምፈልገው ይህን ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት በዚያው ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉድ የአየር ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በ1920ዎቹ ዋሳቡሮ ኦይሺ የተባለ ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ፊኛ እየለቀቀ ለክቶት ነበር፤ ጥናቱን ያሳተመው ግን ጥቂት ሰው ብቻ በሚያነበው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስለነበር ብዙም ሳይታወቅለት ቆየ። የዚህ ወንዝ ፍጥነት በሰዓት ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትር መሆኑ የተለመደ ነው፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ክረምት፣ ማለትም ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ይበረታል፣ አንዳንዴም ከ400 ያልፋል።

ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን በሌሊት ስበር ከፊቴ ያለውን ትንሽ ስክሪን እያየሁ ነው የማነጋው። አንድ ሌሊት ውቅያኖሱ መሀል ላይ የምድር ፍጥነታችን፣ ማለትም ከመሬት አንጻር የምንሄድበት ፍጥነት፣ በሰዓት 1,080 ኪሎ ሜትር ይል ነበር። ከሥሩ ከኋላ የሚገፋን ነፋስ 175 ተብሎ ተጽፏል። የውጪው ሙቀት ከዜሮ በታች 57። አውሮፕላኑ አየሩን የሚቀዝፍበት ፍጥነት የወትሮው 905 ነው፤ የቀረውን የሰጠን ወንዙ ነው። ከወራጅ ውኃ ጋር የሚዋኝ ሰው በዳር ቆሞ ለሚያየው እንዴት ፈጣን ይመስላል! ሲመለስ ግን ያው ክንድ፣ ያው ጉልበት ሆኖ ባለበት የሚረግጥ ይመስላል።

አሠራሩ ይኸው ነው፤ እዚህ የምንይዘው በ3ኛው ያገኘነውን ርቀትና የአውሮፕላኑን የጉዞ ፍጥነት፣ 900ን፣ ነው እንጂ 850ን አይደለም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮሶች፣ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሰማይ፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ከአውሮፕላኑ ፍጥነት ላይ 100 ይደምሩ፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ 100 ይቀንሱ። በክረምት ወራት 150 ያድርጉት። ከሰሜን ወደ ደቡብ ወይም በተቃራኒው ለሚሄድ በረራ ነፋሱን ይተዉት፤ የፓሪስ–ጆሃንስበርግ መሄጃና መመለሻ ተቀራራቢ የሆኑት ለዚህ ነው።

ወደ ኒው ዮርክ፦ 5,760 ለ800፣ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፤ 40 ሲጨመር 7 ሰዓት ከ52።
ወደ ለንደን፦ 5,760 ለ1,000፣ 5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ፤ 40 ሲጨመር 6 ሰዓት ከ26።

ትኬቶቹ ላይ 8 ሰዓትና 7 ሰዓት አካባቢ ያገኛሉ፤ ቀሪው አየር መንገዱ ያስገባው ትርፍ ነው።

«መሄጃው ላይ የወሰደብኝን መመለሻው ላይ ስለሚመልስልኝ ይቻቻላል» ብለው እንዳያስቡ። ነፋስ ባይኖር በ900 ፍጥነት ደርሶ መልሱ አየር ላይ 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነበር። በ100 ነፋስ 12 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይሆናል። በ150 ነፋስ 13 ሰዓት ከ10። ከፊት በሚመጣ ነፋስ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ ከኋላ በሚገፋው ውስጥ ከሚቆዩበት ስለሚረዝም ነፋስ ሁልጊዜ ይወስዳል እንጂ አይመልስም።

ነፋሱ ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2020ን ያስታውሱ። ሲያራ የተባለው ማዕበል አትላንቲክን ሲንጥ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። የምድር ፍጥነቱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። «ከድምፅ ፍጥነት አለፈ» ብለው የጻፉ ነበሩ፤ አላለፈም። ድምፅም አውሮፕላኑም የሚጓዙት በአንዱ በሚነጉደው አየር ውስጥ ነው። በእርግጥ ከድምፅ ቀድሞ የበረረው ኮንኮርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 ይህንኑ መንገድ በ2 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶታል።

ነፋሱ መንገዱንም ይመርጣል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ የአውሮፕላኖቹ መስመሮች በየቀኑ እንደ ነፋሱ ይሠመራሉ፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ጄት ስትሪሙን ተከትለው፣ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ሸሽተውት። አጭሩ መንገድ ፈጣኑ መንገድ የማይሆንበት ቀን ብዙ ነው።

6ኛ፦ የትኬቱን ሰዓት በትክክል ያንብቡ

ትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ሁለቱን ቀናንሶ የጉዞ ርዝመት ማግኘት አይቻልም። ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዩቲሲ፣ ይመልሱ።

በጃንዋሪ ከለንደን በ11፡00 ተነስቶ ኒው ዮርክ በ14፡00 የሚደርስ በረራ 3 ሰዓት አይደለም። የለንደን ክረምት ከዩቲሲ ጋር እኩል ነው፤ ኒው ዮርክ በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። 14፡00 ሲደመር 5፣ 19፡00። ከ11፡00 እስከ 19፡00፣ 8 ሰዓት። ግማሽና ሩብ ሰዓት የሚያወጡም አሉ፤ ዴልሂ ከዩቲሲ በ5 ሰዓት ተኩል፣ ካትማንዱ በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ።

የበጋ ሰዓት መቀያየሩን፣ አገሮች ለሞቃቱ ወራት ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት መግፋታቸውን፣ ችላ አይበሉት። አክስቴ በማርች ወር አጋማሽ ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን መጣች። በ19፡00 ትነሳለች፣ በረራው 7 ሰዓት ነው፣ ልዩነቱ 5 ሰዓት ነው፤ 07፡00 ትደርሳለች ብዬ አሰብኩና በዚያው ሰዓት ሄድኩ። እሷ ግን 06፡00 አርፋ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ በር በሩን ስታይ ነበር ያገኘኋት። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ አውሮፓ ግን በመጨረሻው እሑድ ነው። በመሀሉ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ሰዓት ብቻ ነው። በኦክቶበር መጨረሻም እንዲሁ ለአንድ ሳምንት ይዛባል። ስሌቴ ሁሉ ትክክል ሆኖ ያቺን አንድ ሰዓት አለማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እድሜዋ የገፋ ሰው ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም።

ትኬቱ ላይ ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ የመደመር ምልክትና 1 ካለ በማግስቱ ይደርሳሉ ማለት ነው። ፓስፊክን ሲያቋርጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በክረምት ከቶኪዮ በ17፡00 ተነስተው 10 ሰዓት ቢበሩ ሎስ አንጀለስ የሚደርሱት በዚያው ቀን 10፡00 ላይ ነው፤ ከተነሱበት ሰዓት 7 ሰዓት ቀድመው። ሲመለሱ 11፡00 ተነስተው 12 ሰዓት ቢበሩ በማግስቱ 16፡00 ይሆናል። ሆቴል የሚይዙ፣ መድኃኒት በሰዓት የሚወስዱ ከሆነ ቀኑን ደጋግመው ይዩት። መድኃኒቱን የሚቆጥሩት በከተሞቹ ሰዓት ሳይሆን ባለፈው ሰዓት ነው፤ ከጉዞው በፊት ስሌትዎን ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ።

7ኛ፦ ትራንዚት ካለ

እያንዳንዱን በረራ ለብቻ አስልተው የመቆያውን ሰዓት ይደምሩ። «ቀጥታ» የሚል ቃል አያታልልዎት፤ በአየር መንገዶች አነጋገር የበረራ ቁጥሩ ሳይቀየር መሀል ላይ የሚያርፍም ቀጥታ ይባላል። «ያለማረፍ» የሚለውን ይፈልጉ። ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ትኬት የተገዙ ከሆነ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም፤ ሻንጣ ወስደው እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርብዎትም ይችላል። በዚያ ጊዜ ወደ ምዕራብ የሚሄድ የክረምት በረራ ካለ የመቆያውን ጊዜ ለጋስ ያድርጉት፤ ከፊት የሚመጣው ነፋስ የበረታ ቀን አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል።

8ኛ፦ ከእውነተኛው ጋር ያስተያዩት

ፍላይትራዳር 24 ወይም ፍላይትአዌር በተባሉት የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ የበረራ ቁጥሩን ያስገቡ። ባለፉት ቀናት ያ በረራ በስንት ተነስቶ በስንት እንዳረፈ ይዘረዝራል። የአንድ ሳምንቱን ጻፉና ረጅሙንም አጭሩንም ትተው መሀል ላይ ያለውን ይውሰዱ፤ ከእርስዎ ግምት ጋር ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተለያየ መንገዱን ካርታው ላይ ይዩት፣ ወይ ዞሯል ወይ ነፋሱ ከገመቱት በርትቷል። ሰው ለመቀበል የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ በዕለቱ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ እንደገና ይክፈቱት። የሚደርስበትን ሰዓት አየር ላይ ካለበት ቦታና ፍጥነት ተነስቶ ያሳይዎታል። ካረፈ በኋላ ለማኮብኮብ 10 ደቂቃ፣ ለፓስፖርትና ለሻንጣ ቢያንስ ሌላ 40 ደቂቃ ይስጡት፤ እርስዎ ግን አውሮፕላኑ መሬት ከመንካቱ በፊት በሩ ላይ ይገኙ።